በአሥራ ሰባት ቁጥር ሰደርያ ምክንያት ስለጠፋው ስሜ

ቀን፦ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎህ የዜጎች መብት ተሟጋች ማኅበር
ለሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ ለወ/ሮ ሌንሳ ደገፋ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ማኅበሩ በሐሰት ለተወነጀሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጥና በስሜ ላይ ያወጣውን ማስታወቂያ እንዲያነሣ ስለመጠየቅ

ክብርት ሰብሳቢ ሆይ፣

እኔ አመልካች ማስረሻ ኃይለየሱስ ዕድሜዬ 23፣ ትውልዴ መንዝ ሲሆን፣ በአዳማ መናኸሪያ የጫኝና አውራጅ ማኅበር አባል ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን ማመልከቻ በእጄ የጻፍኩት ቢሮውን ንቄ አይደለም። መናኸሪያው በር ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ የማኅበራችሁን ሥራ አስኪያጅ አቶ ወዬሳ ጉቱን ከወንበራቸው ተነሥተው ሲቀበሏቸው ስላየሁ፣ ቃሌ እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ እርሳቸው ዘንድ እንዳይደርስ ሰግቼ ነው።

1. ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ወ/ሮ ሑስና መሐመድዘይን የተባሉ የባቱ ልብስ ነጋዴ፣ ሻንጣቸውን ተሸክሞ የተሰወረው ሰው በለበሰው የጫኝ ሰደርያ ጀርባ ላይ 17 ቁጥር እንደነበረ ለፖሊስ አመልክተው ወደ ባቱ ተመለሱ። በጫኝና አውራጅ መዝገብ 17 ቁጥር የእኔ ነው። በዚያው ቀን ተያዝኩ፤ ዘጠኝ ቀንም ታሰርኩ።

2. መዝገቡ የማይናገረው ነገር አለ። ሰደርያዎቻችን ጠዋት በአንድ ማዳበሪያ ታጭቀው ይመጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው ያልተቀደደውን ያነሣል፤ ቁጥሩን የሚያይ የለም። 17 ቁጥር ዚፑ ደኅና ስለሆነ ለእኔ የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው። በዕለቱ የለበስኩት 32 ቁጥር ነበር። ይህን የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ያውቃሉ፤ ፖሊስ ሲጠይቃቸው ግን «እኛ አላየንም» አሉ። የመሰከሩልኝ ትኬት ቆራጯ ወ/ት ጂቱ ብቻ ናቸው፤ «ይሄ ልጅ? ይሄማ ብብቱ የተቀደደውን ለብሶ ክንዱን ባነሣ ቁጥር ስስቅበት ነው የዋልኩት» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል።

3. ማኅበራችሁ ግን ማንንም ሳይጠይቅ፣ እኔንም ሳያነጋግር፣ በታሰርኩ በሁለተኛው ቀን «በመናኸሪያ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ዝርፊያ ይቁም» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። በውስጡ ስሜና የአባቴ ስም አለ። «ተጠርጣሪ» የሚል ቃል የለውም። ማስታወቂያው በቢሯችሁ ሰሌዳና በቴሌግራም ገጻችሁ እስከ ዛሬ አለ። አንድ ያገሬ ልጅ በስልኩ አይቶት ለቤተሰቦቼ አነበበላቸው። አባቴ ደወለ፤ ሰላምታ አላስቀደመም፤ «አድርገኸዋል?» ብቻ አለኝ።

4. በዘጠነኛው ቀን ወ/ሮ ሑስና ከባቱ ተጠርተው ፊት ለፊት አዩኝ፤ «ኧረ ይሄ አይደለም! ያኛው ረጅም ነው፤ ይሄ እኮ ከትከሻዬ አያልፍም» አሉ። ዐቃቤ ሕግም መዝገቡን ዘጋው። እርሳቸው በዚህ ሳይወሰኑ ቢሯችሁ ድረስ ሄደው ማስታወቂያው እንዲነሣ ጠየቁ። አቶ ወዬሳ የመለሱላቸው «እህቴ፣ ማን አስፈራራሽ?» ብለው ነው። «ማንም አላስፈራራኝም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ቢሉም «ይጣራል» ተብለው ተሸኙ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በእኒህ ሴት ላይ ክፉ አስቤ ነበር። ከባቱ ድረስ ለእኔ ብለው ሲመላለሱ ሳይ ከጀርባቸው ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። አሁን የምጠረጥረው እየበዛብኝ እንደሄደ አውቄያለሁ፤ እርሳቸውንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ክብርት ሆይ፣ በኅዳር ወር የግል ኮሌጅ መምህር የሆኑት አቶ ሙሉብርሃን አለማየሁ ላፕቶፕ ሰርቀዋል ተብለው በታሰሩ ጊዜ፣ አቶ ወዬሳ በዚያው ዕለት «ማንም ሰው በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥበት ድረስ ንጹሕ ነው» የሚል መግለጫ አውጥተዋል። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመውም ተናግረዋል። ያን ቀን የመምህሩን መጻሕፍት ከጣቢያው ተሸክሜ ወደ ቤታቸው ያደረስኩት እኔ ስለሆንኩ በዓይኔ አይቻለሁ። መምህሩ በነጻ ተለቀዋል፤ ንጹሕም ናቸው፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያ ቃል በሁለት ወር ውስጥ የት ሄደ? የተጻፈው ለሰው ሁሉ ነው ወይስ ለመምህር? ሌላ ምክንያት ካለ እንዲነገረኝ እሻለሁ፤ ካልተነገረኝ ራሴ እየፈለግሁ የማገኘው ምክንያት ሁሉ የከፋ ነው።

5. መጋቢት 3 ቀን አቶ ወዬሳ ቢሯቸው አስጠሩኝ። «አንተ ካልሆንክ 17ን ማን ለብሶት ነበር? ስሙን ጻፍ፤ ያንተን ዛሬውኑ እናወርደዋለን» አሉኝ። መምህሩን «አንተ ካልሆንክ ላፕቶፑን ማን ወሰደው?» ብለው እንዳልጠየቋቸው አረጋግጫለሁ።

የጫኝና አውራጅ ማኅበራችን ማስታወቂያው እስከ መጋቢት 20 ካልተነሣ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ በጽሑፍ አስታውቆኛል። በዚህ ከተማ ሌላ ሥራም ሌላ ዘመድም የለኝም። ስሜ በዚህ ሁኔታ እያለ ወደ አገሬ መመለስም አልችልም።

ስለዚህ፦

ሀ) ማስታወቂያው እንዲነሣና ስሕተት መሆኑ በዚያው ሰሌዳና በዚያው ገጽ እንዲገለጽ፤

ለ) ለመምህሩና ለእኔ የተለያየ መልስ የተሰጠበት ምክንያት በቦርዱ ተጣርቶ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ፤

ሐ) ውሳኔው ከመጋቢት 20 በፊት እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

አቶ ወዬሳ ስም እንድጽፍበት የሰጡኝን ወረቀት ሰባት ቀን በኪሴ ይዤው ቆየሁ። ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር ጠርጥሬአለሁ፤ ሦስት ስም አፌ ላይ ደርሷል። ይሁን እንጂ በዚያ ጠዋት ማዳበሪያው ዘንድ የደረስኩት ዘግይቼ ነው፤ 17 ቁጥርን ማን እንዳነሣው አላየሁም። ወረቀቱን ምንም ሳልጽፍበት ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ማስረሻ ኃይለየሱስ
(ፊርማ)