ሁለተኛው ወፍጮ የጨመረው ሦስት ብቻ ነው

ላሊበላ፣ ግንቦት 1998 ዓ.ም.

ለክቡር የከተማችን የንግድና ልማት ጉዳዮች ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ በተለይም የጆሮዎ ጤና፣ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የዜማ ቤቱ ጎረቤቶች ለሰላምታም ጮኸን ከመነጋገራችን በቀር ደኅና ነን።

1ኛ. ከየኔታ ገብረ ዮሐንስ የድጓ ጉባኤ አጥር ሥር የተተከለው የናፍጣ ወፍጮ አላስተምር ቢላቸው አቤት ብለን፣ ድምፅ የሚለካ ባለሙያ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ባለሙያው ለረዳቱ «ሰማንያ አምስት ዴሲቤል» ሲል የኔታ የሰሙት «ደሴ በል» ብለው ነው። ጉዳያችን ወደ ደሴ ተመራ ብለው በሶ አስቋጥረው ሲወጡ ከመናኸሪያ መለስናቸው። አይፈረድባቸውም፤ የወሎ ሰው ከቢሮ የሚሰጠውን መልስ ያውቀዋል።

2ኛ. ሁለተኛ ወፍጮ ሊተከል ነው ብለን ብንጮኽ፣ ሁለቱ ለሙከራ አብረው ሲሠሩ ተለክተው ሰማንያ ስምንት ስለመጡ፣ «የጨመረው ሦስት ብቻ ነው» ብለው ፈቃዱን ሰጡ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ቁጥር እንደ ገብስ በቁና አይሰፈርም። ሦስት ጨመረ ማለት የድምፁ ጉልበት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ አሥር ሲጨምር አሥር እጥፍ፣ ሠላሳ ሲጨምር ሺህ እጥፍ ይሆናል። በእርስዎ ስሌት ሺህ ወፍጮ ቢተከልብን የሚጨመርብን ሠላሳ ብቻ ስለሆነ፣ ባለሀብት ጠፍቶ እንጂ ቦታው ገና ሰፊ ነው።

3ኛ. ድጓ በዓይን ብቻ አይዘለቅም። ተማሪዎቹ ከዜማ ምልክቶቹ ድፋቱን ከእርክርኩ በጆሮ መለየት አቅቷቸው፣ አንዳንዱም እንደ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ወደ ኮን ዜማ ቤት ሄደዋል። የቀረው ዲያቆን ጥሩሰው ብቻ ነው፤ እሱንም የኔታ የሚያርሙት እጃቸውን ጉሮሮው ላይ አድርገው ነው። ባለፈው ሰኞ ናፍጣ አልቆ ሁለቱም ወፍጮዎች ዝም አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። የኔታ ግን እጃቸውን ከጥሩሰው ጉሮሮ አላነሡም።

ስለዚህ ልማቱን ሳናደናቅፍ የምንለምነው፣ ጥሩሰው የቀረውን ዜማ እስኪቀበል ድረስ ጠዋት ጠዋት ወፍጮዎቹ እንዲቆሙልን ነው። ለየኔታ ጆሮ ብለን አይደለም፤ እሱ ሄዷል። ለጥሩሰው ጆሮ ነው። እሱም ከደነቆረ፣ የኔታ የያዙትን የሚቀበላቸው የለም።

ስለ መልካም አስተዳደርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የወፍጮዎቹና የዜማ ቤቱ የአጥር ተጋሪ፣
ባምላክ ደባሱ

ማስታወሻ፦ ከወፍጮዎቹ ጀርባ የነበረው ጽሕፈት ቤትዎ «ለስብሰባ አልመች አለ» ተብሎ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ መዛወሩን በደስታ ሰምተናል። ስንት ዴሲቤል ላይ እንደሸሹ ብቻ ቢነግሩን፣ ያው ቁጥር ለእኛም ይበቃናል።