የአስተርጓሚው የአቶ ደገፋ አብዲሳ የሕይወት ታሪክ እና በስህተት የተነበበው ውጤታቸው

አቶ ደገፋ አብዲሳ ከአባታቸው ከአቶ አብዲሳ ጉተማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሳህሊቱ ኃይሉ ሐምሌ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ ተወለዱ። አባታቸው በኦሮምኛ፣ እናታቸው በአማርኛ አፍ የፈቱ ስለነበሩ አቶ ደገፋ ሁለቱንም እኩል እየተናገሩ አደጉ። ወላጆቻቸው በሰላሙ ጊዜ ደህና ይግባቡ ነበር፤ ሲጣሉ ግን እያንዳንዳቸው ወደየቋንቋቸው ስለሚመለሱ፣ አቶ ደገፋ የማስተርጎም ሥራን በአምስት ዓመታቸው ጀመሩ ማለት ይቻላል።

እስከ ስድስተኛ ክፍል በመቻራ፣ ሰባተኛና ስምንተኛን በበደሳ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሰበ ተፈሪ ተከታትለው በ1977 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ወደ መቻራ ተመልሰው በቡና መሰብሰቢያ ጣቢያ በመዝጋቢነት ሠሩ። በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ በቀለች ደረጀ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሴት ልጃቸውን ኑሃሚንን እና ወንድ ልጃቸውን ኢያኤልን አፍርተዋል።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ቺሮ ገብተው ለሃያ ስምንት ዓመታት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት አገለገሉ። ከቦርደዴ የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፍየሏ ናት የገጨችኝ» ሲል አዳራሹ በሙሉ ሲስቅ፣ እሳቸው ፊታቸውን ሳይፈቱ ቃል በቃል አስተረጎሙ። ያልገባቸው ቃል ሲመጣ ግን በግምት አያልፉም ነበር። እጃቸውን አውጥተው ችሎቱን ያስቆሙና «ይህ ቃል አልገባኝም፤ ምስክሩ ያብራሩልኝ» ይላሉ። በዚህም ያፈሩበት ቀን አልነበረም።

እሑድ እሑድ ደግሞ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰባክያንን ወደ ኦሮምኛ ይመልሱ ነበር። አንድ ጊዜ እንግዳው ሰባኪ ዮናስን ከአንበሶች ጉድጓድ ቢያስገቡት፣ አቶ ደገፋም አብረው አስገቡት። ከጉባኤው በኋላ «ምነው አላረሟቸውም?» ሲባሉ፣ «የሰው ስህተት የባለቤቱ ነው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም» ብለዋል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አንገታቸው ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣች። ሲውጡም ያማቸው ጀመር። በኅዳር 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው ከቶንሲላቸው ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን እንዲቀበል የተላከው የእህታቸው የወ/ሮ እሴት ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ኤልያቄም ነበር። ኤልያቄም ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል ስለሚባል፣ ከመድኃኒት መመሪያ ጀምሮ እስከ ቴሌቪዥን ዋስትና ድረስ በቤተሰቡ ውስጥ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ወረቀቱ ካንሰር መሆኑን ይገልጻል፤ ይህ የተጠበቀ ነበር። ከታች ግን «ፒ 16፦ ፖዘቲቭ» ይላል። ኤልያቄም ፒ 16ን የቅጽ ቁጥር መስሎት ዘለለው። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ግን ተርጓሚ አላስፈለገውም፤ እኛ አገር ይህ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ይመስለናልና። እዚያው ኮሪደር ላይ ሐኪሞች እየተመላለሱ አንዳቸውንም አልጠየቀም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ አጎቱንም ከኀፍረት ያዳናቸው መስሎት «ጋሼ፣ ውጤቱ ገና አልደረሰም» እያለ አራት ወር አቆያቸው።

ለእናቱ ግን ነገራቸው፣ ለጸሎት ብሎ። ወ/ሮ እሴትም ለረቡዕ የጸሎት ቡድን አካፈሉ፦ «ስሙን አልጠራም፤ ያው የሚያስተረጉምልን አንድ ወንድም ደሙ ውስጥ ክፉ ነገር ተገኝቶበታልና በጸሎት አስቡት።» በአጥቢያዋ ደግሞ አስተርጓሚ ከአንድ በላይ ኖሮ አያውቅም።

በቀጣዩ ወር የጌታ እራት የጋራ ጽዋ ቀርቶ በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሆነ። «ለንጽሕና ነው» ተባለ። የማስተርጎሙ አገልግሎት «እስኪያገግሙ» ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በእድር ድንኳን ወ/ሮ በቀለች ሽንኩርት ሊከትፉ ቢላ ሲያነሱ፣ አንዲት ጎረቤት «እትዬ በቀለች፣ ይተዉት፤ እርስዎ ዛሬ ውሃ ብቻ ያቀብሉን» ብላ ከእጃቸው ወሰደችው። ምክንያቱን ሲሰሙ ለማንም ሳይናገሩ በደሳ ድረስ ሄደው ሁለት ጊዜ ደማቸውን ተመረመሩ፤ ሁለቴም ነፃ ነዎት ተባሉ። ሆኖም መኝታቸውን ወደ ልጆቹ ክፍል አዛወሩ። አቶ ደገፋ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቁም ነበር። የአፋቸው ጠረን ሚስታቸውን ያሸሸ መስሏቸው፣ በቆሰለ ጉሮሯቸው ጠዋት ጠዋት በሎሚና በጨው ይጉመጠመጡ ነበር።

ያልተለወጡት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አቶ አብዱልቃዲር ብቻ ነበሩ። ሻያቸውን እንደ ወትሮው ከአንድ ብርጭቆ እየተቀባበሉ፣ «ያ ረቢ! ደጌ፣ አንተን ያመመህ ጉሮሮህን ነው፤ እነዚህን ጆሯቸውን ነው ያመማቸው!» ይሉ ነበር።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኑሃሚን ከድሬዳዋ መጣች። «ውጤት አራት ወር ይፈጃል እንዴ? ቡና ነው ፀሐይ ላይ የሚሰጣው?» ብላ ኤልያቄምን ስታፋጥጠው ወረቀቱን አወጣ። አባቷንም፣ ወረቀቱንም፣ እሱንም ይዛ አዲስ አበባ ወጣች።

ሐኪማቸው ዶ/ር አብርሆት ወረቀቱን አይተው ፈገግ አሉ። ኤልያቄም የፈራውን ሲናገር ግን ፈገግታቸው ጠፋ። «ማነው ይሄን ኤች አይ ቪ ያለው? የደም ምርመራቸውማ ከመጀመሪያው ነፃ ነው። ፒ 16 ፕሮቲን ነው። ከዕጢው የወሰድነውን ናሙና ቀለም ነክረን በማይክሮስኮፕ ስናየው ፕሮቲኑ በብዛት ካለ ፖዘቲቭ እንላለን። በቶንሲል ካንሰር ይህ ምልክት ያለባቸው፣ ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ፣ ከሌለባቸው ይልቅ በጨረሩም በመድኃኒቱም ይሻላቸዋል። እኛ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲመጣ ደስ ነው የሚለን።» ቀጥለውም «ታዲያ ለምን ዘገያችሁ?» ሲሉ ኤልያቄም ወረቀቱን አራት ወር መደበቁን፣ ለእናቱም መንገሩን ተናገረ።

አቶ ደገፋ ነገሩን ሁሉ የሰሙት በዚያች ክፍል ነው። ከወጡ በኋላ የእህታቸውን ልጅ ወደ ጎን ጠርተው «ኤልያቄም፣ ቃሉ አልገባህም ነበር?» አሉት።

«ገብቶኝ ነበር ጋሼ።»

«እሱ ነዋ ክፉው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሌላ ቁጣ ከአፋቸው አልወጣም፤ ቢወጣ ለሰሚው በቀለለው ነበር።

በዚያው ሳምንት ወ/ሮ በቀለች መኝታቸውን መለሱ። የጨረርና የመድኃኒት ሕክምናው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ተሰጥቶ እብጠቷ ጠፋች፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ገንፎ መዋጥ ቻሉ። ሆኖም በጥር ወር በሽታው ሳንባቸው ላይ ተገኘ። አራቱ ወራት ምን ያህል እንደ ጎዷቸው ቢጠየቁ ዶ/ር አብርሆት «ይህን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አሉ። ቤተሰቡ ይህን መልስ እንደ ይቅርታ አልወሰደውም።

ድምፃቸው ጨርሶ ሲጠፋ አቶ ደገፋ የመጨረሻ ፈቃዳቸውን በወረቀት ጻፉ፦ «ሲጸልዩልኝ ስሜን አልጠሩም። ስቀበር ግን ስሜን ጠርታችሁ ውጤቴን አንብቡልኝ። በሁለቱም ቋንቋ ይሁን።» ስለዚህ በፈቃዳቸው መሠረት እዚህ ይነበባል፤ ቀጥሎም በኦሮምኛ ይደገማል፦ ደገፋ አብዲሳ፤ የቶንሲል ካንሰር፤ በዕጢው ላይ የታየ ፕሮቲን ፒ 16 ፖዘቲቭ፤ የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ ነፃ። ቫይረሱ ቢኖርባቸውስ ኖሮ? ያኔም ከወ/ሮ በቀለች እጅ ቢላ የሚያስቀማ ምክንያት አልነበረም። ማፈር የሚገባን እኛ ነን፤ እናፍራለንም።

አቶ ደገፋ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ በኋላ፣ በሚስታቸውና በልጆቻቸው መካከል ሆነው፣ በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ተሰበሰቡ።

ኤልያቄም ይህን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ከሐዘንተኞቹ ዝርዝር የራሱን ስም ትቶ ነበር። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ረቂቁን ለወ/ሮ በቀለች አሳየ። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት፤ አንድም ቃል አልሰረዙም። እስክሪብቶ ተቀብለው ከልጆቻቸው ቀጥሎ የጎደለውን ራሳቸው ጻፉበት። ዝርዝሩ የታተመው እሳቸው እንዳደረጉት ነው፦ ባለቤታቸው ወ/ሮ በቀለች ደረጀ፣ ልጆቻቸው ኑሃሚን ደገፋና ኢያኤል ደገፋ፣ ልጃችን ኤልያቄም፣ እህታቸው ወ/ሮ እሴት አብዲሳ።

ጌታ ለደከመ ሰውነታቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው የመንግሥቱን ደስታ ይስጥልን። በበደልናቸው በእኛም ላይ ምሕረቱን ያብዛ። አሜን።