ከመስታወቱ ጀርባ የተገኘችው የወንበር እግር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለመርፌዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። የእኔም ፀጉር እንደሄደ ቀረ። ስምንት ወር ሙሉ ሳትጽፊልኝ ብትቆዪ እውነት አለሽ። ይህን ደብዳቤ ግን ሳትቀድጂው አንብቢው። ይቅርታውን መካከል ላይ ያስቀመጥኩት ዘለሽ እንዳታልፊኝ ብዬ ነው።

ያቺ የወንበር እግር የምንቆርጥባት ልክ ተገኘች።

ያለ አስተማሪ፣ አንድ አሮጌ ወንበር ፈታትቼ ሙያ ስማር ከኮምፔንሳቶ የቆረጥኳት፣ እንጨት ላይ አጋድመን ዙሪያዋን በእርሳስ የምንከተላት፣ እንደ ፍየል የኋላ እግር የተቆለመመችው። የጠፋችው አብረሽኝ ከምትሠሪበት አናጢ ቤት ልትሄጂ ሁለት ቀን ሲቀርሽ ነው። «ይህ ዓይነት ወንበር ዘመኑ አልፏል፣ ሙዚየም ይግባ» ብለሽኝ ስለነበር፣ አንቺ ጣልሻት ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺም ሳትስሚኝ ሄድሽ።

ዘመኑስ አላለፈም። ይህ ወንበር አለቀለት ሲባል ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ። አለቀለት ያሉት ሰዎች ጎጆ ሲወጡ ተመልሰው መጥተው፣ እናታቸው ቤት እንደነበረው አድርጌ እንድሠራላቸው ይለምኑኛል። በክረምቱ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ሃያ አራት አዘዘኝ፤ ኃላፊው በልጅነቱ ተቀምጦ ካነበበባቸውና ተሰባብረው ካለቁት ስድስት ወንበሮች ጋር የሚመሳሰሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ እሺ አልኩ።

ልኳ በሌለችበት ከራሴ አውጥቼ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ጭነት እንቢ እንዳለ አህያ ቆመ። ሁለተኛው ላይ ሚስቴ ቁጭ አለችና፣ ወንበሩ ሽንት ቤት ሊሄድ የተነሣ ይመስላል አለችኝ። ሦስተኛውን አንድደን ሞቅነው። ይህ ካቃተኝ መጋዜን ሰቅዬ በሩን እዘጋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ሚስቴ ያን ቀን አልቀለደችም።

ከአንድ ወር በፊት አንቺ ከሥራ ስትወጪ ፀጉርሽን የምታስተካክዪበትን መስታወት አቧራውን ልጥረግ ብዬ አወረድኩት። እኔ እንደሆነ ከመላጣዬ ጋር ከተኳረፍን ወዲህ መስታወት አላይም። ልኳ ከጀርባው ተሸጉጣ ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ። ያ አንቺ «ዓይነ ሜትር» የምትዪው ጎረቤታችን አናጢ ሰላም ልበላችሁ ብሎ ሲገባ፣ ቅርጿን በዓይኑ ለክቶ እንዳይወስድብኝ የሸጎጥኳት ራሴ ነኝ። ከእሱ ስደብቅ ከራሴም ደበቅኋት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። ቆይቶ ሳቁ አለቀብኝ።

ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ከዚያ ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ የአንቺ የእርሳስ መስመር አለ፤ ጉልበቱ ጋ በጣት ስፋት የቀጠነ፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ የድሮውን ጠርዝ የተከተለ። ለካ ሙዚየም ይግባ እያልሽ በጓሮ ስታክሚው ኖረሻል። ተናድጄ በመስመርሽ ሌላ ልክ ቆረጥኩ፤ እንዲበላሽ እየተመኘሁ። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስቴ ተቀመጠችበት፣ አልነሣም አለች።

ትናንት ሃያ አራቱንም አስረከብኩ። ኃላፊው እግሩን በመዳፉ እየዳሰሰ «ልክ እንደ ድሮው፤ ምንም አልነካኸውም» አለኝ። እኔም ጣራውን አየሁ። ወንበሮቹን ሊያይ ተከትሎኝ የመጣው ዓይነ ሜትር ግን ጎንበስ ቀና ሲል ቆይቶ፣ «የሆነ ነገር ቀይረሃል፤ የቱን እንደሆነ ግን አላገኘሁትም» አለ። ይኸው እስካሁን እንቅልፍ የለውም። በሩም ክፍት ነው፤ መጋዙም ይጮኻል።

የደረቀ እንጨት ይግጠምሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይታዘዝልሽ፣ ከክፉ ዓይን፣ ከዓይነ ሜትርም ጭምር ይሰውርሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልኳ ጀርባ ላይ፣ ከእግሩ አናት ጋ፣ የእጅ መደገፊያ መሳል ጀምረሽ ግማሽ ላይ ትተሽዋል። ሚስቴ አንተ ጨርሰው ትለኛለች። እኔ እንኳ ሞከርኩና እርሳሱን መልሼ አስቀመጥኩ። ልኳን አሁን ከመስታወቱ ጎን በምስማር ሰቅያታለሁ፣ ለሁሉም ትታያለች። እርሳሱም አጠገቧ ነው፤ ቀርጬዋለሁ።

መላጣው አጎትሽ