ለገመቹ የተነጨ ሣር

እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2011፣ አምቦ

ከጌዶ ወዲያ ባለው ኮረብታ ላይ ክብ ሠርተው የቆሙትን የጥንት ድንጋዮች ዛሬ አንድ በአንድ ገፍቼ ነቀነቅኳቸው። እሺ፣ የገፋሁት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ንቅንቅ አላለም።

ድንጋዮቹን የከበበው የጤፍ ማሳ ባለቤት ኦቦ ፈይሳ አይተውኝ ሳቁ። «የማታ ትምህርት ጨረስክ አሉ። እስቲ ድንጋዩን አንብበው።»

«ጽሑፉን ዝናብ በልቶት ነው እንጂ በአንድ ትንፋሽ እወጣው ነበር» አልኳቸው።

የሄድኩት ግን ለቀልድ አልነበረም። እዚያ አገር ሬሳው ላልተገኘ ሰው እርጥብ ሣር ነጭተው ከድንጋዩ ሥር ያኖሩና ስሙን ይጠራሉ። ከዚያ በኋላ ሰውየው አይጠበቅም። ታናሽ ወንድሜ ገመቹ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እማዬ «ሣሩን አኑርለትና ልረፍ» ብላኝ ነበር።

ኦቦ ፈይሳ ሣሩን ነጭተው ሰጡኝና ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። ነፋስ አልነበረም። ጤፉ ግን ሰው እንደሚያልፍበት ከኋላዬ ይንሿሿ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁም። ስሙን ጠራሁ፣ ሣሩን አኖርኩ፣ ወረድኩ።

ለእማዬም እንዲሁ ነገርኳት። እራቷን በላች። ለገመቹ ብላ ሁሌ ሳትቀረቅረው የምትተኛውን በር ዛሬ ቀረቀረችው።

የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ሣሩን አኖርኩ ካልኩት በቀር። ስሙን ስጠራ ከጤፉ ውስጥ «አቤት» ያለኝ መሰለኝ። ሣሩ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። መቀርቀሪያውንም፣ እማዬ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ቀስ ብዬ መልሼ አነሣሁት።