የ«ጎረቤት ኔት» መሥራች የአቶ ማቲያስ ጌጡን ዕረፍት በተመለከተ ከገዛ ሰፈራቸው ከሽሮ ሜዳ የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር፣ የ«ጎረቤት ኔት» የሰፈር ኢንተርኔት አገልግሎት መሥራችና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ማቲያስ ጌጡ ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። ሀዘናችን ጥልቅ ነው። ከእኛ ቀድሞ ከላይኛው ጎረቤታችን ከቁስቋም ሰፈር ነዋሪዎች ኮሚቴ የወጣው መግለጫም «ሀዘናችን እጅግ ጥልቅ ነው» እንደሚል አይተናል። በሰው ሀዘን አንገባም። ነገር ግን «እጅግ» የምትለዋን ለማን እንደጻፏት እናውቃለን። ስለዚህ አቶ ማቲያስ የሽሮ ሜዳ ሰው እንደነበሩ ገና ከመነሻው ማሳወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አቶ ማቲያስ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ጉለሌ ነው። በአንድ የመድን ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት በትጋት አገልግለዋል። የማኅበራችን አባል ከሆኑት ከወ/ሮ ኢየሩ ጋር ትዳር ከመሠረቱ ወዲህ፣ ከባለቤታቸው የነጠላ ሱቅ በላይ ባለው ቤት ኖረዋል። በአባልነት የተመዘገቡት ባለቤታቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም የሚል ነገር ቁስቋሞች ደጋግመው ያነሡብናል። እውነት ነው። ግን ባል የሚስቱ ሱቅ ያለበት ሰፈር ሰው ካልሆነ የማን ሰፈር ሰው ሊሆን ነው?

በ2013 ዓ.ም. አቶ ማቲያስ የበዓል ሰሞን ገበያችንን ቆመው አስተዋሉ። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ቀሚሱን በፎቶ ካላየ አይገዛም። ፎቶውን ለመላክ ደግሞ ነጋዴው ሱቁን ጥሎ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ ኔትወርክ ፍለጋ አስፋልት መሀል ሲንከራተት ሚኒባስ ጡሩንባ ይነፋበታል። «ይሄማ ነውር ነው» አሉና የመድን ድርጅቱን ሥራ ለቀቁ። ነውሩ የታያቸው በእኛ ገበያ ነው። በቁስቋም አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አውጥተው «ጎረቤት ኔት»ን አቋቋሙ። ሥራው ኢንተርኔቱን ከትልቅ ኩባንያ በጅምላ ገዝቶ፣ በቤታቸው ጣራ ላይ ባቆሙት ምሰሶ በኩል ለየጎረቤቱ በችርቻሮ ማዳረስ ነበር። በጅምላ ገዝቶ መቸርቸር ለእኛ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ስላልሆነ ወዲያው ገባን። የሰፈራችን ባለሱቅ ልጅ ወ/ት ጀዊሪያ አሽረፍም ከጅምሩ አንሥቶ በቴክኒክ ሠራተኛነት አብረዋቸው ቆሙ።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ምልክቱ የሚደርሰው ምሰሶውን ፊት ለፊት ለሚያይ ጣራ ብቻ ነው። ቁስቋም ዳገት ላይ ስለሆነ ምሰሶውን ቁልጭ አድርጎ ያያል። እኛ ከሥሩ ተሸጉጠን ያለነው ደግሞ ፎቅ ጋርዶናል። እናም የመጀመሪያው ኢንተርኔት ከጣራችን ተነሥቶ፣ በአናታችን ላይ አልፎ፣ ቁስቋም ገባ። እኛ ሁለተኛ ምሰሶ እስኪቆምልን ድረስ የቁስቋም ሰው ሽሮ ሜዳ ገበያ ወርዶ «እናንተ ጋ ገና ነው እንዴ?» እያለ በርኅራኄ ይጠይቀን ነበር። ርኅራኄያቸውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ምሰሶ ቆሞ እኛም ገባልን። ወዲያው ግን ረፋድ ላይ ይንቀራፈፍ ጀመር። ቁስቋም ላይ ሰው ፊልም ያያል፤ እዚህ አንዲት የጥለት ፎቶ አትሄድም። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሐጂ ሸፊ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ሆነው አቶ ማቲያስ ቤት ሄዱና «የኛን ድርሻ ወደ ላይ እየለቀቅህ ነው» ሲሉ በግልጽ ተናገሩ። አቶ ማቲያስ አልተቆጡም። በየጣራችን የተተከለውን የምልክት ተቀባይ እንዲያዩ ወ/ት ጀዊሪያን ላኩ። ወ/ት ጀዊሪያ ሐጂ ሸፊ ጣራ ላይ ወጥተው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ሐጂ፣ ይሄን ጋቢ ማነው እዚህ ያሰጣው?»

«እኔ ነኝ። ታጥቦ ነው፤ ምን አጠፋ?»

«ውኃ የጠጣ ጋቢ ተቀባዩ ፊት ጋርዳችሁ ኢንተርኔቱ በየት ይግባ? ግድግዳ እኮ ነው የሠራችሁበት!»

«ታዲያ የቁስቋምን ለምን አይጋርደውም?»

«ቁስቋም ማን ጋቢ ያሰጣል?»

አዲስ የተሸመነ ጋቢ ታጥቦ ረፋድ ላይ ጣራ ላይ መሰጣቱ የሙያችን ወግ ነው። በዚያ ምክንያት ሰፈሩ በሙሉ በገዛ ጋቢው ታፍኖ ጎረቤቱን ሲጠረጥር መክረሙን ማኅበራችን በዚያን ጊዜ አምኗል። የማስጫ ገመዱንም አዛውሯል። ቢሆንም ቁስቋም ያኔም ቢሆን ከእኛ ሳይፈጥን አልቀረም የሚሉ አባላት ዛሬም አሉ።

በ2016 ዓ.ም. አገልግሎቱ ጤና ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ትምህርት ቤት ደረሰ። ለትምህርት ቤቱ በነፃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት የጎረቤቱን ቀሚስና መኪና ማየት ትቶ የኢንተርኔቱን ፍጥነት መለካት ያዘ። «የእነሱ ቤት ቶሎ ይከፍታል፣ የኛ ለምን ይዞራል?» የሚል ስሞታ ለአቶ ማቲያስ የዕለት እንጀራ ሆነ። ሁሉንም በእኩል ትሕትና አስተናግደዋል። እኛን ያበሳጨንም ይኸው «በእኩል» የሚለው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የቁስቋም ኮሚቴ አቶ ማቲያስን ጠርቶ ካባ አለበሳቸው። ካባ! ልብስ ሻጮቹ እኛ እያለን በልብስ ተቀደምን። ማኅበራችን በአስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ፣ በእጅ የተሠራ ባለ ሰፊ ጥለት ጋቢ ይበረከትላቸው ዘንድ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አቶ ማቲያስ ሁለቱንም በምስጋና ተቀበሉ። ብርድ ሲሆን ደርበው የሚወጡት ግን የእኛን ጋቢ ነበር። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ቤተሰቦቻቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናንና የሁለቱም ሰፈር ሕዝብ በተገኙበት በጴጥሮስ ወጳውሎስ ተፈጽሟል። ለለቅሶው የእኛ ዕድር ድንኳን ከተተከለ በኋላ፣ የቁስቋሙ ዕድርም የራሱን ድንኳን በመኪና ጭኖ መጥቶ ከጎኑ ተክሏል። የቁስቋም ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ቤዛብሕ «እኛም ሰዋችን ነው» ብለው ነበር። ለቅሶ ደራሹ የትኛው ድንኳን እንደሚቀመጥ ግራ ሲጋባ አይተናል። የእነሱ ድንኳን አዲስ ነው። ይህንንም አይተናል።

ከቀብር መልስ ወ/ሮ ኢየሩ ወ/ት ጀዊሪያን ጠርተው በአንድ ቃል «አጥፊው» አሏቸው። ወ/ት ጀዊሪያ የዋናውን ምሰሶ መብራት አጠፉ። ሁለቱም ሰፈር ኢንተርኔት አጣ። ምሰሶው የሚቆመው በወ/ሮ ኢየሩ ጣራ ላይ ነው፤ ጣራውም ድርጅቱም አሁን የእሳቸው ነው። «ለሀዘኑ ነው፣ ትከፍተዋለች» ያለ ነበር። ሳምንቱ ሲገባደድም ግን አልተከፈተም። ወሬው «ወ/ሮ ኢየሩ ምሰሶውን ነቅለው ሊሸጡት ነው» ወደሚል ደረሰ። የበዓል ትእዛዝ የያዘው አባላችን ሁሉ ስልኩን አንሥቶ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ።

ስለሆነም ሐጂ ሸፊና አቶ ቤዛብሕ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው፣ ወደ ወ/ሮ ኢየሩ ቤት ገቡ። ወ/ት ጀዊሪያም ነበሩ። የተባለው ተድበስብሶ በወሬ ከሚዞር እንደተባለ ይነገር ብለው ወ/ሮ ኢየሩ ራሳቸው ስለፈቀዱ፣ ማኅበራችን እንዲህ ያቀርበዋል።

«ኢየሩ ልጄ፣ ሰው ተቸገረ» አሉ ሐጂ ሸፊ።

«ይቸገራ! እኔ ስቸገር ማን ጠየቀኝ? ገበታ ቀርቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ ስልኩ ይጮኻል። ‹መጣሁ› ብሎ ይነሣል። ወጡ በረደ፣ አሞቅሁ፤ ደግሞ በረደ። ጣውንት ብትሆንብኝ ቤቷን አጠያይቄ ሄጄ እጣላት ነበር። እናንተን ሁላችሁን የት ሄጄ ልጣላ?»

«እኛ እንኳ በእራት ሰዓት አንደውልም ነበር» አሉ አቶ ቤዛብሕ።

«አንተ? ቤዛብሕ? ‹ኳሱ ቆመብኝ፣ ጎል ሊገባ ሲል ቆመብኝ› እያልክ ስትጮህ ድምፅህን ከወጥ ቤት እሰማው ነበር እኮ!»

ሐጂ ሸፊ ፈገግ አሉ።

«አይሳቁ ሐጂ። እርስዎም አሉበት። የእርስዎ ሁልጊዜ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው።»

አቶ ቤዛብሕ የመጡበትን አወጡት። «ካስመረረሽማ እህቴ፣ ምሰሶውን እኛ እንውሰደው። ዳገቱ ላይ ይመቸዋል። ካንቺም ዓይን ይርቅልሻል፤ በየማታው እያየሽው ከምትናደጂ።»

ሐጂ ሸፊ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እዚህም ፉክክር! ለለቅሶ ነው የመጣኸው ወይስ ለጭነት?»

ወ/ሮ ኢየሩ ግን ከሁለቱም ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ።

«ከጣራዬ አንዲት ብሎን አትወርድም። ሲኖር ከጉያዬ ወሰዳችሁት። በየጣራችሁ ስታወጡት፣ ስታወርዱት፣ ካባ ስታለብሱት፣ ጋቢ ስታለብሱት እኔ ጥጥ እየፈለቀቅሁ ጠበቅሁት። አሁን ደግሞ በእጁ ያቆመውን ነቅላችሁ ደጃችሁ ልታቆሙት? ሞቶም ልትወስዱብኝ? እዚሁ ከኔ ጋር ይቆማል።»

«እንግዲያው ይብራ?» አሉ ወ/ት ጀዊሪያ ቀስ ብለው።

ወ/ሮ ኢየሩ ከበሩ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ይብራ። ምሰሶው የኔ ነው፤ ሥራው ያንቺ ነው። በእራት ሰዓት ግን ማንም አይደውልም። ቢጠፋም፣ ቢንቀራፈፍም፣ ጎል ሊገባ ሲልም ቢቆም። ይቺ ልጅ ነገ ባል ታገባለች። እሷንም ከገበታው ላይ ልትቀሙት ነው?»

አቶ ቤዛብሕ «እሺ» አሉ። ሐጂ ሸፊም «ወላሂ እሺ» አሉ። ምሰሶው በዚያኑ ዕለት በራ። ቁስቋም ከእኛ ቀድሞ እንዳገኘ ደርሰንበታል፤ ዳገት ነውና ምን ይደረጋል።

ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ መግለጫ ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው፣ የ«ጎረቤት ኔት» ሥራ በወ/ት ጀዊሪያ አሽረፍ ኃላፊነት እንደሚቀጥል፣ ምሰሶውም ባለበት በሽሮ ሜዳ እንደሚቆይ ነው። በእራት ሰዓት ስልክ መደወል ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። ይህን የሚተላለፍ አባል ቢኖር ሐጂ ሸፊ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። በቁስቋም በኩልም ተመሳሳይ ማስታወቂያ እንደወጣ ሰምተናል፤ የእነሱ በትልልቅ ፊደል ነው።

ማኅበራችን ለወ/ሮ ኢየሩ፣ ለመላ ቤተሰባቸው፣ ለወ/ት ጀዊሪያና ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ለቁስቋም ሕዝብ መጽናናትን ይመኛል። ማን ይበልጥ ወደደው፣ ማን ይበልጥ አገኘው እያልን ስንቀናና ስንከራከር፣ ሁላችንም የያዝነው ከአንዲት ሴት ገበታ ላይ ያነሣነውን ሰው ነበር። የእራት ሰዓታቸውን ዛሬ መልሰንላቸዋል። አብሯቸው የሚበላው ሰው ሳይኖር መመለሳችን ሀዘናችንን ከባድ አድርጎታል።

የሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ