ከአርባ ደቂቃው ትምህርት የተቆረጠው አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ

ቀን፦ ማርች 25 ቀን 2024

ለካውንቲው የመምህራን ሥነ ምግባር ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ

አመልካች፦ ንዱኩ ሙሊንጌ፣ በካሙቴንዴ የሴቶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክና የመንግሥት አስተዳደር መምህርት

ጉዳዩ፦ ስሜ ከመምህራን መዝገብ እንዲሰረዝ ማርች 21 ቀን በቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ላይ የቀረበ ይግባኝ

ክቡራን የጉባኤው አባላት፣

1. ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የተከሰስኩበት የአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ቪዲዮ መጀመሪያ የወጣበት የቲክቶክ ገጽ ተዘግቷል። የዘጋው ቪዲዮውን የለቀቀችው ተማሪ አባት ነው። ቪዲዮው የወጣበት ቀንና ከሥሩ የተጻፉት አስተያየቶች አብረው ጠፍተዋል። በሌሎች ሰዎች ገጾች ላይ ያሉት ቅጂዎች ግን አልተነኩም፤ ትናንት ስቆጥራቸው 340 ነበሩ።

2. እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱ በካሙቴንዴ ናቸው። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን መምህራን በምርጫ ቀን የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ። በእነዚያ ሦስት ምርጫዎች በጣቢያዬ የተሞላው የውጤት ቅጽ በፓርቲ ወኪሎች ተፈርሞ በጣቢያው በር ላይ ተለጥፏል፤ አንድም ክርክር አልተነሣበትም። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። የተከሰስኩበትን ትምህርት ለምን እንደዚያ አድርጌ እንዳስተማርኩት እንዲታወቅልኝ ነው።

3. ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 6 ቀን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ድምፅ ቆጠራ አስተማርኩ። የወረዳችን ተወካይ በሞት ተለይተው ማሟያ ምርጫ ለማርች 14 ስለ ተቀጠረ ልጆቹ ነገሩን ከቤታቸው ጀምሮ ይሰሙት ነበር። ክፍሉን ምርጫ ጣቢያ አደረግሁት። የኖራ ጠመኔ ሣጥን የድምፅ ሣጥን ሆነ። አራት ልጆች የፓርቲ ወኪሎች ሆነው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ሌባዋ የጣቢያ ኃላፊ ሆንኩ። የልጆቹ ሥራ እኔን መያዝ ነበር። ይህን ትምህርት በዚሁ መንገድ ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ ሳስተምረው ኖሬአለሁ፤ አንድም ዓመት ሳልያዝ ቀርቼ አላውቅም።

4. ቆጠራው ሲያልቅ የተናገርኩት ቃል ይህ ነው፤ አልክድም። «እንግዲህ ስሙኝ። የተቆጠረው ሌላ ነው፣ እኔ የምጽፈው ሌላ ነው። ማን ያያል? ፈርሙና ወደየቤታችሁ ሂዱ።» ቪዲዮው እዚህ ላይ ያበቃል። ትምህርቱ አላበቃም። ወዲያው ምዌንዴ የምትባለው ተማሪ ከወኪሎቹ መቀመጫ ብድግ ብላ፣ «ማዳም፣ እኔ አልፈርምም! መጀመሪያ እንደገና ይቆጠርልኝ! ወረቀቱም በሩ ላይ ይለጠፍ!» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዷ ከኋላ፣ «ያዟት! ፖሊስ ጥሩ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ደቂቃዎች ወኪል ለምን ባዶ ቅጽ ላይ እንደማይፈርም፣ ቅጹ ለምን በር ላይ እንደሚለጠፍ፣ በሩ ላይ ያለውን ማንም ዜጋ ቆሞ ማንበብ እንደሚችል ተነጋገርን።

5. ካቱንጌ የምትባል ተማሪ (ልጅ ስለሆነች የአባቷን ስም አልጽፍም) ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልኳ ቀድታው ነበር። የቀዳችው ጓደኛዋ ታማ ስለተኛች ነው። ስልክ በትምህርት ቤታችን ክልክል ነው፤ ቢሆንም ቀድታለች። በትምህርት ወቅቱ አጋማሽ ዕረፍት ቤቷ ስትገባ፣ ማርች 1 ቀን፣ የሚያስቀውን ቦታ ቆርጣ ለቀቀችው። ከሥሩ የጻፈችው «ማዳማችን ፖለቲከኛ ስትሆን» የሚል ነበር። የክፍል ጓደኞቿም «ቀጥሎ ምዌንዴ ስትይዛትስ የታለ?» እያሉ ጽፈውበት ነበር። ዛሬ ጠዋት የጠፋው ይኸው ነው። ለምን ሙሉውን እንዳልለቀቀች ስጠይቃት፣ ለአርባ ደቂቃ የሚበቃ ዳታ እንዳልነበራት ነገረችኝ። ለአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ግን ነበራት።

6. ቀጥሎ የምጽፈው ለእኔ አይጠቅመኝም። ነገር ግን የሙሉ ቅጂው መጥፋት ከእኔ እጅ ስለሆነ መጻፍ አለብኝ።

ካቱንጌ ከዕረፍት ስትመለስ ስልኩን ዳቦ ቦርቡራ ከውስጡ ሸሽጋ አመጣችው። በር ላይ በተደረገው ፍተሻ ተያዘ። በትምህርት ቤታችን የተያዘ ስልክ በሰልፍ ፊት ይቃጠላል። ደንቡን በ2017 ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «ለባለቤቱ አይመለስም፣ አይሸጥም፣ አይመረመርም» ይላል። «አይመረመርም» የሚለውን የጨመርኩት የልጆቹን መልእክት አዋቂዎች እየከፈቱ እንዳያነቡባቸው ብዬ ነው፤ ያኔ ትልቅ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ማርች 8 ቀን ጠዋት አምስት ስልኮች በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ተደረደሩ። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ጸሐፊ እንደ መሆኔ ዝርዝሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ቁጥር አራት፤ ጥቁር፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ።» ላምባውን ያፈሰስኩትም እኔ ነኝ። ቪዲዮ መኖሩን አላውቅም ነበር። ካቱንጌ ከሰልፉ ወጥታ እያለቀሰች፣ «ማዳም፣ እባክዎ፣ ውስጡ ትምህርት አለ» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «ትምህርት ያለው ደብተር ውስጥ ነው፤ ተመለሺ» አልኳትና ክብሪቱን ጫርኩ።

7. በማግስቱ ቅዳሜ፣ በማሟያ ምርጫው የሚወዳደሩት የአቶ ሙሲሊ ደጋፊ የሆነ ሰው ቪዲዮውን ወስዶ በራሱ ገጽ ለቀቀው። «ምርጫችሁን የሚቆጥሩት እነዚህ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአቶ ሙሲሊ መኪና ድምፄን በድምፅ ማጉያ እያሰማ በገበያው ውስጥ አለፈ። በወላጆች የዋትስአፕ ቡድን የተጻፈውን በአባሪ አያይዣለሁ፤ ከፊሉን እዚህ አሰፍራለሁ። «ልጄን የላክኋት ሂሳብ ልትማር ነው እንጂ ሌብነት ልትማር አይደለም።» «ይቺማ ከተማሪዎቹ በፊት ራሷ ሰርታ ያየችው ነው፤ አፏ ላይ አይታያችሁም?» አንድ አባት ብቻ፣ «ወገኖቼ፣ ሙሉውን ያየ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። የተመለሰለት፣ «ወንድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ አልበቃህም? እኔ በአምስቱ ገብቶኛል» የሚል ነው። ሰውየው በዚያው ቀን ከቡድኑ ተወግዷል።

8. አቶ ሙሲሊ በ61 ድምፅ ተሸነፉ። የተሸነፉባቸው ጣቢያዎች ኃላፊዎች መምህራን ነበሩ፤ እኔ ግን በዚህ ምርጫ አልተመደብኩም፣ በየትኛውም ጣቢያ አልነበርኩም። ይህ በመዝገብ የሚረጋገጥ ነው። ማርች 15 ቀን ከሥራ ታገድሁ።

9. ርእሰ መምህር ኪያሎ ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሯቸው ጠርተውኝ፣ «ንዱኩ፣ በወረቀት ማን ይመልስልሻል? አንቺም ቪዲዮ ሥሪ። ትንሽ አልቅሺ፤ ሰው ያዝናል» አሉኝ። አላለቀስኩም፤ ቪዲዮውን ግን ሠራሁ። ትምህርቱን ከነዓላማው በስድስት ደቂቃ አስረዳሁ። እስከ ዛሬ 212 ሰው አይቶታል። ከተጻፉልኝ አስተያየቶች መካከል «ረዘመ» የሚል አለ። «ድራማዋን ቀጥላለች» የሚልም አለ።

10. የተቃጠለው ስልክ አመድ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወደ ጉድጓድ ተጥሎ ነበር። የአተር ወንፊት ይዤ ሄጄ አበጠርኩት። አራት ቁራጭ አገኘሁ፤ ማቻኮስ አውቶቡስ ተራ ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ወሰድኳቸው። ወጣቱ በመብራት አገላብጦ አያቸውና፣ «ምዋይቱ፣ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄኮ ስልክ አይደለም፤ ከሰል ነው» አለኝ። ቁራጮቹን በፖስታ አሽጌ አያይዣለሁ። ከነሱ ምንም እንደማይወጣ አውቃለሁ። ፈልጌ እንደ ነበር ማስረጃ እንዲሆኑ ነው።

11. የመጀመሪያው ኮሚቴ ማርች 21 ቀን ሲሰማኝ፣ ማንኛውም በመሣሪያ የተቀዳ ማስረጃ በየትኛው መሣሪያ፣ በማን፣ መቼ እንደተቀዳ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ሊቀርብበት እንደሚገባ አመለከትኩ። ሰብሳቢው፣ «ማዳም፣ አራት መቶ ሺህ ሰው ያየውን ነገር እኛ አላየንም እንበል?» አሉኝ። ያዩት ነገር ከመካከል የተቆረጠ መሆኑን ተናገርኩ። «ታዲያ የቀረው የታለ?» አሉ። ተቃጥሏል አልኩ። «ማን አቃጠለው?» ሲሉኝ መለስኩላቸው። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

12. በዚያ ክፍል አርባ ስድስት ልጆች ነበሩ። ቃላቸውን ለመስጠት የመጡት ካቱንጌን ጨምሮ ሦስት ናቸው። ኮሚቴው «መምህርታቸውን የሚወዱ ልጆች ናቸው» በማለት ቃላቸውን አልመዘገበም። የሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸው በማንኛውም ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ ከልክለዋል። ከሁሉም በላይ እጠብቃት የነበረችው ምዌንዴ ነበረች። አባቷ በምርጫው የአቶ ሙሲሊ ወኪል ነበሩ። «በዕለቱ የሆነውን አላስታውስም» የሚል በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ወረቀት ቀርቧል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእሷ ነው፤ የደብተሯን ፊርማ አውቀዋለሁ። አልወቅሳትም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ቤቷም ከአባቷ ጋር ነው።

13. ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አተር ልገዛ ቆምኩ። ሻጯ አሥር ዓመት የማውቃት ሴት ናት። ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና፣ «ለአንቺማ አልመዝንም ምዋይቱ፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ራስሽ ጻፊው!» አለችኝ። ዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ፈነዱ። ቀልድ ነው፤ በክፋትም አልተናገረችውም፤ አተሩንም መርቃ ሰጥታኛለች። ይህን ለጉባኤው የምጽፈው፣ ስሜ ከመዝገብ ባይሰረዝ እንኳ ወዴት እንደምመለስ ሳስበው የማይገባኝ መሆኑን ለመግለጽ ነው።

14. ከእገዳዬ በኋላ በትምህርት ቤታችን የድምፅ ቆጠራ ትምህርት በክፍል ውስጥ በተግባር እንዳይሠራ ማስታወሻ ወጥቷል። በኔ ቦታ የተተካው ወጣት መምህር ምዕራፉን ከመጽሐፍ ያስጽፋቸዋል። ከክፍሉ በፊት ስልክ ያለው እንዳለ ተማሪዎቹን ይፈትሻል አሉ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም።

15. ስለዚህ ጉባኤውን በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ) ቪዲዮው በማስረጃነት ከመያዙ በፊት ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ የሚገልጽ ወረቀት እንዲቀርብ፤ ካልቀረበ ውድቅ እንዲደረግ።

ለ) የሦስቱ ተማሪዎች ቃል ቢያንስ ተጽፎ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ።

ሐ) ካቱንጌ በዚህ ጉዳይ ከትምህርት ቤት እንዳትባረር። ስልክ በማስገባቷ ቅጣቷን ተቀብላለች። የቀዳችው ለታመመች ጓደኛዋ ነው፤ የቀዳችውም እንዳይጠፋ ለምናኝ ነበር። ያልሰማኋት እኔ ነኝ።

መ) ጉባኤው ቪዲዮውን በድጋሚ የሚያይ ከሆነ የመጨረሻውን ሰከንድ ቀስ አድርጎ እንዲያይ። በስተቀኝ ጥግ፣ ከፊት ወንበር ላይ፣ አንድ ክርን ከጠረጴዛው ሲነሣ ይታያል። የምዌንዴ ነው። ልትነሣ ስትል ነው የተቆረጠው።

16. የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ጉባኤው ይቀበለዋል ብዬ ተስፋ አላደርግም። የጉባኤው ጸሐፊ ባለፈው ዓርብ በስልክ፣ «ማዳም፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር እየጠበቀ እኛ ሌላ ብንል የሚመጣብንን ያውቁታል» ብለውኛል። በቅንነት ስለ ነገሩኝ አመሰግናቸዋለሁ። ይግባኙን የጻፍኩት ሙሉው ነገር ቢያንስ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲኖር ነው።

17. ውሳኔው በጉባኤው የፌስቡክ ገጽ እንደሚወጣ ተነግሮኛል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ለጉባኤው የሚከብድ አይመስለኝም። ውሳኔው የትኛውም ቢሆን፣ ከነምክንያቱ በሙሉ ተጽፎ፣ አባላቱ ፈርመውበት፣ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍልኝ። ውሳኔው በሚሰጥበት ዕለት፣ ሐሙስ ኤፕሪል 4 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ለጉባኤው ካለኝ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

ንዱኩ ሙሊንጌ
(ፊርማ)