ክፍተት የማይወድ እጅ

እማምዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ጊዜ በረዶ ወርዶ ቀለጠ። ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። ልጄ ሳሮን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። አንቺ ብትኖሪ ጆሮዋን ትቆነጥጪያት ነበር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ሃሊና በአገራቸው በፖላንድ ልማድ የአኻያ ቅርጫት መጎንጎን ሲያስተምሩሽ፣ ሁለታችሁም እንግሊዝኛው በቅጡ ሳይኖራችሁ በእጅ ብቻ ስትግባቡ እቀና ነበር። የመብራት ዲዛይን ተምሬ አልነበር? ያንን ጉንጉን የአምፖል ሽፋን ላደርገው አሰብኩ። ብርሃን የሚወጣበት ክፍተት ተይለት ብዬ ለመንኩሽ። አንቺ ዕድሜ ልክሽን ስንደዶና አክርማ የሰፋሽው ሴት፣ ቀዳዳ ያለው ስፌት የሰነፍ ሥራ ነው ብለሽ ድፍን አድርገሽ ሠራሽው። ሳበራው ምንም አይታይም። ተናደድኩና እፊትሽ ቀንበጡን በፒንሳ እየነቀልኩ ከፈትኩት። እጅሽን በነጠላሽ ሸፈንሽ። ከዚያ ወዲህ አብረን አልሠራንም፤ እኔም ይቅርታ ሳልልሽ ሄድሽብኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሃሊና ወደ ልጃቸው ቤት ሊዛወሩ ዕቃ ሲሸክፉ ጠሩኝና ከካርቶን ውስጥ አንድ ሌላ የመብራት ሽፋን አውጥተው ሰጡኝ። የአንቺ ሥራ ነው። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው እንደነገሩኝ፣ እኔ ሥራ ስውል እሳቸው ቤት እየሄድሽ፣ በአውራ ጣትሽ እየለካሽ ክፍተት ትተሽለት ጨርሰሽዋል። ለእኔ ብለሽ። ከዚያ ደግሞ አላስችል ብሎሽ፣ ተመልሰሽ ግማሹን ክፍተት ደፍነሽዋል! ቢከለክሉሽም አልሰማሻቸውም። ይዤው ስወጣ የሕንጻችን ሊፍት በር ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

አሁን ከምግብ ጠረጴዛችን በላይ ተሰቅሏል። በአንድ ወገን ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይበተናል፣ በሌላው ወገን ድፍን ነው፤ ሳሮን ጨለማው በኩል ሲደርሳት ታማርራለች። የሥራ ባልደረቦቼ የደፈንሽውን ብነቅለው ይበልጥ እንደሚያምር ነገሩኝ። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ፒንሳውን አነሳሁና መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት።

እማዬ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ ከእጅሽ ሥራም አንዲት ቀንበጥ አልነቅልም። እራታችንን አንቺ በፈቀድሽልን ብርሃን ልክ እንበላለን።

ልጅሽ